መብረቅ ጊታሩን ያስቀመጠ ጊዜ

ሰውየውን ሰፈሩ የሚያውቀው መብረቅ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ቀን ቀን ብረት ይበይዳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ከባንድ ጋር ዋናውን ዜማ የሚያወጣውን ሊድ ጊታር ይጫወታል። ስሙን ያወጡለት ባንዱ ዝግጅቱን በሚዘጋበት ፈጣን ዜማ ላይ ጣቶቹ ሲሮጡ ያዩ ሰዎች ናቸው። ታናሽ እህቱ ከጎኑ ቆማ አጃቢውን ሪትም ጊታር ትመታለች። እሷም ቀን ቀን የተማሪዎች ደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ትሠራለች። ጊታር የያዘችው እሱን አይታ ነው። ዘፈን የሚታጀብበት ኮርድ አይጠፋባትም፣ ቀለል ያለ ዜማም ታወጣለች፤ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ግን «እሱ የጋሼ ነው» ብላ ትተወዋለች።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ መብረቅ በመዝጊያው ዜማ ብቻውን የሚጫወተውን ሶሎ ጀምሮ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ከበሮ መቺው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እህቱ አልሳቀችም። በዚያ ሰሞን የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት እናታቸው ሲቆልፉለት አይታለች።

ሐኪሙ ክርኑ ላይ ነርቭ ተጭኖ መጎዳቱን ነገረው። የግራ እጁ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ደንዝዘዋል። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ጣቶቹ እንደ ድሮው ይመለሱ አይመለሱ ግን እርግጠኛ የሆነ የለም። መከራ ብቻውን አይመጣም እንዲሉ፣ ሆቴሉም ሥራ አስኪያጅ ቀይሮ ነበር። አዲሱ ሰውዬ በሚመጣው ወር ባንዱን ሰምቶ፣ እንዲቀጥሉ ወይም እንዲሰናበቱ እንደሚወስን አስታወቀ።

ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንግዲህ ሌላ ሊድ እንፈልግ፤ ምን ይደረጋል» አለ።

መብረቅ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ አስገባ።

«እኔ እሞክረዋለሁ» አለች እህቱ። የደነገጠችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። «አልሞትኩም እኮ» አለና ወጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኮራርፈው ከረሙ። ገበታ ላይ ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእናታቸው በኩል ነበር። እናት፣ «እኔ ወለድኳችሁ እንጂ አስተርጓሚ ሆኜ አልተቀጠርኩላችሁ» እያሉ ይቆጣሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

እሷ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ክፍሏን ዘግታ ትለማመዳለች። ዘዴዋ አንድ ብቻ ነበር፤ በሙሉ ፍጥነት መጀመርና መውደቅ። ዜማው ከወፍራሞቹ ክሮች ወደ ቀጫጭኖቹ የሚሻገርበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቀኝ እጇ ይደርቃል፤ ክሩን የምትመታበት ፒክም ክሮቹ መሃል ይሰነቀራል። እልህ ይይዛታል፤ እልህ በያዛት ቁጥር እጇ ይብሱን ይደርቃል። ሕመሙ ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ ትከሻዋ ገባ። ሥራ ቦታ መቀስ መያዝ አቃታት። አንድ ጊዜ ኮሌታ አጣማ ስትሰፋ ኃላፊዋ ሸሚዙን አንጠልጥላ፣ «ይሄን የሚለብሰው ልጅ አንገቱ ጠማማ ነው እንዴ?» አለቻት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሷ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

ቀኑ እየደረሰ ሲመጣ፣ አንድ ማለዳ የክፍሏ በር ተበረገደ።

«በቃ ተይው! ዜማውን ገደልሽው!» መብረቅ ነበር፤ ፊቱ ደም መስሏል።

«ጥፋቴን ካወቅከው ለምን አታሳየኝም? ከበሩ ውጭ ግድግዳ ተደግፈህ ስታዳምጠኝ ከረምክ!»

ጊታሩን ከእጇ መንጭቆ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ኖታዎች እንደ ድሮው ጠርተው ወጡ፤ የትንሿ ጣቱ ተራ ሲደርስ ግን አልመጣችለትም። ክሩ አጉል ድምፅ አወጣ። እንደገና ሞከረ፤ ያው። እህቱ ወዴት እንደምታይ ጠፋት። በሩ ላይ የቆሙት እናት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ቆይቶ ጊታሩን መለሰላት። «ፒኩን አንቀሽዋል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጫጩት እንደያዝሽ አድርጊው፤ እንዳያመልጥሽም፣ እንዳይሞትብሽም። ክንድሽን ተይው፣ ከአንጓሽ ብቻ። ክሩን አልፈሽ ሩቅ አትሂጂ፤ ነክተሽ ተመለሺ።»

«እሺ ጋሼ።»

«አሁን ቀስ በይ። ከዚያም ቀስ። እኔን እንቅልፍ እስኪወስደኝ።»

ክፉ አስተማሪ ነበር። በደህና እጁ ጠረጴዛ እየመታ ምቱን ይይዝላታል፤ ስትሳሳት ነጠላ ጫማውን ይወረውራል። ያቺን መሻገሪያ ቆራርሶ እየሰጠ፣ አንዷ ቁራሽ ሳትጠራ ወደ ሌላዋ አያሳልፋትም። ፍጥነት የሚጨምርላትም ትከሻዋ መውረዱን አይቶ ነው።

«የምጫወተው በእጄ፤ ትከሻዬን ምን ታፈጥበታለህ?» አለችው።

«ፍርሃትሽን የደበቅሽው እዚያ ነዋ።»

የቀጠሮው ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። መብረቅ ከኋላ ግድግዳው ጋ ቆሟል። ሌሎቹ ዘፈኖች በደህና አለፉ። የመዝጊያው ዜማ ሲደርስ ግን ከበሮ መቺው በድንጋጤ ከተለማመዱት አፍጥኖ ጀመረ። ዞራ አየችው፤ እሱ ግን ከበሮው ላይ አቀርቅሯል። ማቆም አይቻልም፤ ገባችበት።

መሻገሪያው ሲቃረብ ክንዷ መድረቅ ጀመረ። ጥርሷን ነክሳ ልትጋፋው ቃጣት፤ እንደዚያ ካደረገች እንደምትወድቅ ግን ታውቀዋለች። ስለዚህ ያልተለማመደችውን አደረገች። ግማሾቹን ኖታዎች ጥላ፣ አንዱን ክር በጣቷ ገፍታ ረጅም አስጮኸችው። ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሳለ እጇን አላላች፣ ትከሻዋን አወረደች፣ ከበሮውን አዳመጠች። ከዚያ የመጨረሻውን ሩጫ አንድ ኖታ ሳታስቀር ተወጣችው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ መድረኩ መጥቶ፣ «ሊዱን የሚጫወተው አንድ ሰውዬ ነው ብለውኝ ነበር» አለ።

«ተሳስተው ነው» አለ መብረቅ ከኋላው። «እሷ ናት።»

ባንዱ ሥራውን ቀጠለ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ መብረቅ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ተቀመጠ። ተቀየመኝ ብላ ሰጋች። ሊወርዱ ሲሉ ግን ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አየችው፤ እንዳላየች ሆና ቀድማው ወረደች።

ቀዶ ጥገናው ተደረገለት። ቀለበት ጣቱ ነቃ፤ ትንሿ እስከ ዛሬ አትታዘዝም። አሁን የባንዱን ድምፅ የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ሰዎች መብረቅ ብለው ሲጠሩትም ያለ ቅሬታ አቤት ይላል። እናታቸው፣ «ልጅቷ አለፈችህ አይደል?» ብለው ሲነካኩት «ገና ናት» ይላል፤ ይልና የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተነስቶ ልምምዷን ሊያዳምጥ ወደ ክፍሏ ይገባል።