ለድብ አዳኝ ያዘጋጀሁት ጉዞ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የፊደል መጽሐፏን ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ ዘረጋችው። በ«ድ» ትይዩ ቡናማ ጸጉር ያለው ግዙፍ አውሬ ተስሏል። «አባባ፣ ድብ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላየሁም አልኳት። «ታዲያ ለምንድነው የደነገጥከው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ከልጅ የሚሰወር ነገር የለም። መነጽሬን የምጠርግ መስዬ ጥያቄዋን አሳለፍኩት።

እውነቱን ለመናገር ድብን በአካል አላየሁትም፤ አገራችንም የለም። ነገር ግን በወጣትነቴ ስሙን እንኳ በትክክል ሰምቼው ቢሆን ኖሮ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃውን ባላጣ ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ሰባዎቹ አጋማሽ። ከኮሌጅ እንደወጣን የምንመደብበት ቦታ በዕጣ ሲለይ ለእኔ አምቦ ያለው የደንና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ደረሰኝ። እናቴ ደብረ ሲና ብቻዋን ነበረች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ስለነበር ደብዳቤዋን የምትጽፍላት የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ በየደብዳቤው መጨረሻም ያቺው ልጅ ከራሷ ጨምራ «እትዬ ትናንት ደግሞ ደረጃው ላይ ወድቀው ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ትጽፍልኝ ነበር። ዝውውር ጠይቄያለሁ። ማመልከቻዬ በኃላፊያችን በጓድ መኩሪያ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ወር ተኝቷል።

አምቦ መጥፎ ከተማ ሆና አይደለም። የተከራየኋት ክፍል ከአንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ነበረች፤ ሰውየው ደግ ነው፣ ማታ ማታ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠኛል። መሥሪያ ቤት ያሉትም ሰዎች አልበደሉኝም። ብቻ ወሬ ሲሞቅ ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛው ይሻገሩና ይስቃሉ፤ እኔም ምን እንደተባለ ሳላውቅ ከኋላቸው እስቃለሁ። አስተዋይ የሆነች የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ አንድ ቀን «አንተ፣ ገብቶህ ነው?» ስትለኝ በጣም አፈርኩና ከዚያ በኋላ ሻይ ሰዓት ላይ ከጠረጴዛዬ መነሳት ተውኩ። እሁድ እሁድ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ሄጄ ልብስ አጣቢዎቹን ስመለከት እውላለሁ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አፌን የምከፍተው ምሳ ለማዘዝ ብቻ ነበር። ሰው መካከል ሆኖ ብቸኛ መሆን ከምድረ በዳ ይከፋል የሚሉት ነገር ያኔ ገባኝ።

ታዲያ በጥቅምት አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ጓድ መኩሪያ እንደ ልማዱ ስብሰባ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ኃላፊ ማለት ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ማለት ነበር። አነሳሁት። ከአዲስ አበባ የሚያናግረኝ ሰው ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ መስመሩ ይንጫጫል። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ፣ የመንግሥት እንግዳ፣ በኅዳር መጨረሻ ለአደን ወደ እኛ እንደሚመጡ ነገረኝ። «እንግዳው በአገራቸው የታወቁ የቡናማ ጅብ አዳኝ ናቸው፤ ለእሳቸው የሚመጥን አደን ይዘጋጅ» አለ። እኔ የሰማሁት እንዲያ ነው። «የምን?» ስል ጠየቅሁት። «የጅብ! የጅብ!» ብሎ ጮኸ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ያለው «ድብ» ነበር። ግን ድብን በስም እንጂ በአካል የማያውቅ የደብረ ሲና ልጅ ጆሮው ውስጥ ምን ይግባ? አደን ሲባል፣ አውሬ ሲባል፣ «-ብ» ብሎ የሚያልቀውን ድምፅ ጆሮዬ ከሚያውቀው ጋር አጋጠመው። መልሼ መደወል ነበረብኝ። ስልክ መደወል ግን ግማሽ ቀን ወረፋ ነው፤ ደግሞም «ይሄ ልጅ አማርኛም አይሰማም እንዴ» መባሉን ፈራሁ። ከባልደረቦቼ ጋር ሻይ የምጠጣ ብሆን ኖሮ ነገሩን በጨዋታ አነሳው ነበር፤ አንዱ ስቆ ያርመኝ ነበር። የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ስህተቴ ከእኔው ጋር ኖረ።

ጓድ መኩሪያ ሲመለስ እንግዳ ለአደን እንደሚመጣ ብቻ ነገርኩት። ምን ዓይነት አውሬ ብሎም አልጠየቀኝ። «ሁሉን አንተ ጨርሰው። ጎጆ ከተማ ሂድና ኦቦ ቶላን ያዝ፤ የአደን መሪያችን እሳቸው ናቸው» አለኝ። ከዚያ ኮቱን እያጠለቀ፣ «ይህን እንግዳ አስደስተህ ከሸኘህልኝ የዝውውር ደብዳቤህን በማግሥቱ እፈርማለሁ» አለ። በዚያን ዕለት ምሳዬን ሳልጨርስ የአውቶቡስ ሰዓት ልጠይቅ ሄድኩ።

እስከ ጊንጪ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን በእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው የሚኬደው። መንገድ ለማለት ያህል መንገድ ተባለ እንጂ መኪናው የሚሄደው በድንጋይ ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ ይበረታል፤ ገብሱ ገና አልታጨደም፣ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ይለብሳል። የኦቦ ቶላ ቤት ከጎጆ ከተማ ግማሽ ሰዓት ወደታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ለማ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤ የለም። እሳቸው፣ ጥቂት በጎች፣ የድንች ማሳ፣ እና አንድ አሮጌ ምንሽር። ጠመንጃው የተፈቀደላቸው በእኛ መሥሪያ ቤት በኩል ነው፤ ጫካውን ስለሚጠብቁልን። ከርከሮ ድንቹን የማይጨርሰውም ያ ምንሽር ስላለ ነበር።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ። መልሱን አላውቅም። «ደህና ነኝ» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ናጋዳ በል። አገሩ የሰጠህን ሰላምታ በአገሩ ቋንቋ መልስ» አሉኝ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ በጎልማሳነታቸው አዲስ አበባ ዘበኛ ሆነው አሥር ዓመት ሠርተዋል።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ድንች የሚልጡበትን ቢላ አስቀመጡት።

«ጅብ?»

«አዎ፣ ቡናማ ጅብ።»

«ዋራቤሳ፣ ጅብ! ዱጋ? ይህን የምትለኝ እውነትህን ነው?» ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ድኩላ ሞልቶ፣ ነብር እንኳ እያለ፣ ሰው ባሕር ተሻግሮ ጅብ ሊገድል ይመጣል? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ ይሄም ሰውዬ በማናውቀው አገሩ የጅብ ጀግና ነኝ ይለናል።» ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ትኩር ብለው አዩኝ። «ደህና አድርገህ ሰምተሃል?»

«ደህና አድርጌ ሰምቻለሁ» አልኳቸው፤ ትንሽ ቆጣ ብዬ።

ዕቅዱ በአንድ ጉዞ የሚያልቅ ነበር። እኔ አራት ጊዜ ሄድኩ። አንድ ጊዜ የነፋሱን አቅጣጫ ለማየት፣ አንድ ጊዜ እንግዳው የሚቀመጥበትን የድንጋይ ካብ ለመምረጥ፣ አንድ ጊዜ ለበቅሎ ጉዳይ፤ አንዱን ግን ምን ብዬ እንደሄድኩ አላስታውስም። ኦቦ ቶላ ዱካ እንዴት እንደሚነበብ አሳዩኝ፤ ጅቡ ሲነጋጋ ከየት መጥቶ በየት ወደ ዋሻው እንደሚገባ በዱላቸው አመድ ላይ ሣሉልኝ። የተቀቀለ ድንች በዳጣ እንበላለን፤ ዳጣው አፌን ሲያቃጥለው እርጎ ያቀብሉኛል። ከትሪው ላይ ደህና ደህናውን ድንች ወደ እኔ እየገፉ አሮጌውን ምንሽር በጨርቅ ይወለውላሉ። ስተኛ የለማን ጋቢ ያለብሱኛል። አንድ ጠዋት በ«አካም ቡልቴ» ሲቀሰቅሱኝ ሳላስበው «ናጋዳ» አልኩ፤ በጣም ደስ አላቸው። ስለ እናቴ ነገርኳቸው። ጓድ መኩሪያ የገባልኝን ቃልም ነገርኳቸው። ከአምቦ ለመሄድ ብዬ የማዘጋጀው ጉዞ በዚያ አገር ሳለሁ ያገኘሁት ብቸኛ ደስታ ሆነ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዳው፣ አስተርጓሚያቸውና ጓድ መኩሪያ በላንድሮቨር መጥተው ጎጆ አደሩ፤ ጎህ ሲቀድም በበቅሎ ወረድን። እንግዳው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ጠመንጃቸው እንደ መስታወት ያበራል። ከካቡ ኋላ ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን ኦቦ ቶላ ከሦስት ቀን በፊት ያስጎተቱት የሞተ አህያ ተዘርሯል። ከሽታው የተነሳ አፍንጫዬን በእጄ ያዝኩ። ጥቂት ቆይቶ ጅቡ መጣ፤ ኦቦ ቶላ እንዳሉት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት። ትልቅ ነበር። በልቤ ተሳካልኝ አልኩ።

እንግዳው አልተኮሱም። ጠመንጃቸውን አውርደው አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቁት። አስተርጓሚውም ወደ እኛ ዞረና «ይሄ ምንድነው? ያመጣችኋቸው ጅብ ልታሳዩአቸው ነው?» አለ።

«ታዲያ ያሉት ጅብ አይደለም?» ልል ስል አስተርጓሚው ቀደመኝ።

«ድብ! እሳቸው ድብ አዳኝ ናቸው! ለዚያ የሚመጥን ትልቅ አውሬ ይዘጋጅ ነው የተባለው!»

እንግዳው አህያውን አዩት፤ እኛን አዩን፤ ፊታቸው ቀላ። የተሳለቅንባቸው ነው የመሰላቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ በቅሏቸው ላይ ወጡ። አስተርጓሚው ተከትሏቸው ሮጠ። ጅቡም ሄደ፤ እኛ ሦስታችን ብቻ ቀረን።

ጓድ መኩሪያ ወደ እኛ ዞረ። «ጅብ ያለው ማነው?» አለ። «ማነው ጅብ ያለው?»

አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። እናቴ ደረጃው ላይ ወድቃ ታየችኝ፤ አፌን ዘጋሁት።

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ቶላ። ያንን የመሰለ አማርኛቸውን ሰባበሩት። «ልጁ ድብ ብሎ ነግሮ ነበር። እኔ ድብ አላውቅ። አማርኛ ደህና አልሰማ። እኔ ጅብ መሰለኝ፣ ጌታው።»

ጓድ መኩሪያ አመናቸው። ለማመን ቀላል ነበር፤ ገበሬ አማርኛ አልሰማም ቢል ማን ይጠራጠራል? ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ እንደ አዎንታ ወሰደው። እዚያው «ቋንቋ የማይሰማ መሪ አያስፈልገንም» ብሎ ጠመንጃው እንዲመለስ አዘዘ። የርክክቡን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ቶላ ፊርማቸውን መፈረም የሚችሉ ሰው ሆነው ሳለ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙልኝ፤ አማርኛ የማይሰማ ሰው እንዴት ይፈርማል?

ጓድ መኩሪያ ቀድሞን ሲወጣ ወደ ጎን ሳብኳቸው። «ለምን እንዲህ አደረጉ?» አልኳቸው፤ እያለቀስኩ ነበር።

«እናትህን ጠመንጃ አይጦራትም፤ የምትጦራት አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ገደሉን አሻግረው አዩ። «የእኔም ልጅ የሰው አገር ነው ያለው። እዚያም አንድ ሽማግሌ አይጠፋም።»

ዝውውሩ ተፈረመ። ጥፋቱ የመሪው ነው ተብሎ እኔ ተመሰገንኩ እንኳ። ከእናቴ ጋር አራት ዓመት ኖርኩ፤ እጇን ይዤ ደረጃውን አወጣኋት፣ አወረድኋት፤ እጄ ላይ አረፈች። ስለዚህ ደብረ ሲና መሄዴ ጸጸተኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ለኦቦ ቶላ ግን አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ቆየ፤ የቆየ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ እፍረት ይሆናል።

መንግሥቱ ሲወድቅ የተበተነው ጦር በደብረ ሲና በኩል በእግሩ አለፈ። ጫማ የሌላቸው፣ እግራቸው ያበጠ ልጆች ነበሩ። ዳቦና ውሃ ይዤ አስፋልቱ ዳር ስድስት ቀን ቆምኩ። ለሁሉም እሰጣለሁ፤ ሁሉንም ግን «የጎጆ ሰው አለ? የኦቦ ቶላን ልጅ ለማን የሚያውቅ አለ?» እላለሁ። አንዱ «ስንት ለማ አለ፣ ጋሼ» አለኝና ዳቦውን ይዞ ሄደ። አሁን ሳስበው የቆምኩት ለልጁ ብቻ አልነበረም። ይዤው ወደ አባቱ ብሄድ ይቅርታ መጠየቂያ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም፤ አልሄድኩም።

ዛሬ ኦቦ ቶላ ያኔ የነበሩበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ልጆቼ ቤቱን ሞልተውት ይውላሉ፣ ይንጫጫሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ መካከል ሆኜ ብዙ ጊዜ የዚያን ገደል አፋፍ ብርድ ይሰማኛል። ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። ጎጆ ዛሬ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል ይላሉ። እሳቸው በሕይወት ሊኖሩ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ ጓድ መኩሪያም ከሞተ ቆይቷል። «ማነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልቀረም። ሳልጠየቅ ልመልስ፦ ኦቦ ቶላ አማርኛ ደህና አድርገው ይሰሙ ነበር። ጅብ ያልኩት እኔ ነኝ።