የጋሽ ዘጭ ወንበር

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል። የዚህ ሰውዬ ስም ግን የወጣው ከሲኒማ ቤት ነው፤ ጎረቤትማ ምን ቸግሮት፣ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። በሃያ አራት ዓመቱ ለአንድ አስቂኝ ፊልም የሚሰበር ወንበር ሠራ። ወፍራሙ ተዋናይ ተቀመጠበት፣ ዘጭ አለ፣ አገር ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አናጢው "ዘጭ" ሆኖ ቀረ። ሽበት ሲያወጣ ደግሞ አክብረው "ጋሽ ዘጭ" አሉት፤ ይህም ክብር ከተባለ!

ስሙስ ባልከፋ፣ ሥራውን ባይበላበት። በር ያሠሩታል፣ ቁም ሣጥን ያሠሩታል፣ አልጋም በስንት ማንገራገር ያሠሩታል። ወንበር ግን? "ኧረ ጋሽ ዘጭ፣ ወገቤን እፈልገዋለሁ!" ብለውት እየሳቁ ይሄዳሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ያንገበግበዋል። እንዲህ ሲል ይኸው አርባ ዓመት አለፈው።

በመጨረሻ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መጣችና ለተማሪዎቿ አርባ ወንበር እንደምትፈልግ ነገረችው። አንድ ናሙና ሠርቶ ወሰደላት። አገላብጣ አየችው፣ ተቀመጠችበት፣ ደስ አላት።

"ሰኞ ቁርጡን እነግርዎታለሁ" አለችው። "ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ። የድሮ አስቂኝ ፊልሞች ለተማሪና ለወላጅ እያሳየን ነው፤ ዛሬም ያስቁ እንደሆነ እንይ ብለን።"

ሲወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን የፊልም ማስታወቂያ አንብቦ ክው አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ የቅዳሜው ፊልም ያው የእሱ ጉድ ነበር።

"እግሬን አላነሳም" አለ ቤት ገብቶ።

"ትቀርና ጎረቤት ይንገራት?" አለች ሚስቱ። "ተው ባክህ! ከሰው አፍ ከምትሰማ አንተ ባለህበት ትየው።"

ቅዳሜ መጨረሻው ረድፍ ላይ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ወይ ጉድ፣ ፊልሙ እንዴት አርጅቷል! መሰላል ተሸክሞ የሚሯሯጠው ሰውዬ ያኔ ሰዉን እንባ በእንባ ያደርገው ነበር፤ አሁን ተማሪዎቹ ያዛጋሉ። ባል ሚስቱን በጥፊ ሲያጮላት ደግሞ አንዲት ተማሪ ጮክ ብላ "ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው?" አለች። አናጢው በልቡ "እሰይ! ደብሯቸው ተነስተው በሄዱልኝ" ብሎ ጸለየ።

ማን ሊሰማው! ወንበሩ መጣ። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ተዋናይ ተቀመጠበት፤ ደብዳቤ አንብቦ ተነሳ። ቀጥሎ ወፍራሙ ተቀመጠ፣ ተንጠራራ፣ ወደ ኋላ ደገፍ አለ። ዘጭ! አዳራሹ በሳቅ ፍርስ አለ። "ይደገም!" አሉ፤ ተደገመ፤ እንደገና ሳቁ። መብራት ሲበራ አንዱ ወላጅ ዘወር ብሎ "ሠሪው ያውላችሁ!" እያለ ጠቆመ።

አናጢው አንገቱን ደፋ። አርባውን ወንበር ውሃ በላው፣ አለ በልቡ። ዳይሬክተሯ በሰዉ መሀል ወደ እሱ መጣች።

"እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"አዎ፣ የኔ ልጅ። የልጅነት ሥራ ነው።"

"አንድ ነገር አልገባኝም። ቀጭኑ ሲቀመጥበት ለምን አልተሰበረም?"

አናጢው ቀና አለ። ይህን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም።

"የኋላ እግሩን በሰያፍ ቆርጬ በስሱ ኮላ መልሼ አጣበቅኩት። ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ግማሽ ቀንም ይችላል። የሚለቀው ወደ ኋላ ሲደገፉት ብቻ ነው። ለቀረጻው አስራ አንድ ሠርቼ አስራ አንዱም በተባሉበት ሰከንድ ነው የወደቁት፤ ቀድሞ የወደቀ የለ፣ እምቢ ያለ የለ!" እያወራ በእጁ ያሳያት ጀመር። እንዲህ ደስ ብሎት ስለ ወንበር ሲያወራ ሚስቱ ሰምታው አታውቅም፤ እንባዋ መጣ።

"ታዲያ እንጨት እንዲህ የሚታዘዝለት ሰው፣ ቁም ሲለውስ አይቆምለትም?" አለች ዳይሬክተሯ። "ሰኞን ምን አስጠበቀን? አርባውን ይጀምሩልኝ።"

አናጢው ከኪሱ ሜትሩን አወጣና አጠገቡ የቆመችውን ተማሪ "ነይ እስቲ እናቴ፣ ቁጭ በይልኝ፤ እስከ ጉልበትሽ ስንት እንደሆነ ልለካ" አላት።