ኦስሞ በቀኙ ወንበር

ታርሞ ቬህቪላይነን እስከ አምና ድረስ ሦስት ጊዜ የፊንላንድ የራሊ፣ ማለትም የመኪና እሽቅድምድም፣ ሻምፒዮን ሲሆን ሦስቱንም ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠው ኦስሞ ፒውኮነን ነው። ጋዜጣ ላይ በወጣው ፎቶ ግን የኦስሞ ክርን ብቻ ነው የሚታየው። ሰው የሚያጨበጭበው መሪ ለያዘ ነው፤ መንገዱን ለሚያነብለት ማን ዞር ብሎ ያያል? መካኒኮቹ እንኳ «ጆንያው» ይሉታል። «ጆንያው ተጭኗል ወይ?» ብለው ይሳሳቃሉ። ኦስሞ አይቆጣም። ራሱም ሲርበው «ጆንያው ባዶ ነው፣ ቋሊማ አቀብሉት» ይላል።

ሁለቱ ያደጉት ከዩቫስኩላ ወጣ ብሎ፣ ጥድና ሐይቅ መሃል ባለ መንደር ነው። በብርዱ ወራት ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጋገር የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ የአባቱን አሮጌ መኪና በረዶው ላይ ያሽከረክራል። ታርሞ መንዳት የለመደው እዚያ ነው፤ ኦስሞም አጠገቡ መቀመጥ የለመደው እዚያ ነው፣ በረዶው የሳሳበትን እያየ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» እያለው። ኋላ አንዱ የወተት መኪና ሹፌር፣ አንዱ ጫኝ ሆኑ። ገበሬዎቹ «ከነዚህ ጋር የተላከ ወተት ቅቤ ሆኖ ነው የሚደርሰው» ይሉ ነበር። ከዚያ ራሊው መጣ።

የኦስሞ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ መንገዱን በዝግታ ይነዱትና ኦስሞ እያንዳንዱን ኩርባና ጉብታ ይመዘግባል። በውድድሩ ቀን መኪናዋ ስትከንፍ ጮክ ብሎ ያነብለታል፦ «ግራ ክፍት፣ ጉብታ፣ ሙሉ።» ክፍት ማለት ፍሬን የማይጠይቅ ሰፊ ኩርባ ነው፤ ሙሉ ማለት ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጥ ማለት ነው። ከጉብታው ወዲያ ያለው ለሹፌሩ አይታየውም። ታርሞ ግን ይረግጣል። ኦስሞ ሙሉ ካለ ሙሉ ነው።

አምና ቅጠል በሚረግፍበት ወር መኪናዋ ተገልብጣ ጥድ መሃል ገባች። ሁለቱም በእግራቸው ወጡ። ታርሞ ግንባሩ አበጠ፣ ሌላ ምንም አልሆነም ተባለ። አንድ ቅዳሜ ግን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ቤት ውስጥ፣ ኦስሞ አይቶት የማያውቀውን አየ። ታርሞ ውሃ በጭልፋ ቀድቶ የጋለው ድንጋይ ላይ ሊደፋ ሲል ድንጋዩን ስቶ ግራ በኩል ወለሉ ላይ ደፋው። መራመድ ከጀመረ አንስቶ በየቅዳሜው ይህንኑ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛ ቀዳ። ኦስሞም ምንም እንዳላየ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ኦስሞ ከዚህ ሌላ ነገር ማየት አቃተው። በግራ በኩል መጥቶ ሰላም የሚለው ሰው ታርሞን ያስደነግጠዋል። የግራ ኩርባ ላይ ፍሬኑ ይዘገያል። በፀደዩ ውድድር አንዲት ሰማያዊ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ከግራ ጠርዝ ወደ መንገዱ አንድ እግሯን ስታስገባ የታርሞ እጅ ንቅንቅ አላለም። ኦስሞ «ቀኝ!» ብሎ ጮኸ፤ መሪው ታዘዘው፤ ሴትዮዋ አቧራ ለብሳ ቀረች።

ሲቆሙ ታርሞ «ምን ነበር?» አለ።

«ሰው።»

«ኧረ?» አለና ሄልሜቱን አወለቀ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ኦስሞ አፉን ዘግቶ አልተቀመጠም። መጀመሪያ የሄደው ወደ ታርሞ ሚስት ወደ ኢርያ ነው። ድንች እየላጠች ቀና ሳትል ሰማችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ወተት ሲቀዳ ብርጭቆውን በጣቱ እየዳበሰ ነው። ምን ላድርግ? ቤት ውስጥ የኔ ባል ነው፣ መኪና ውስጥ ግን ያንተ ነው። አንተ ንገረው።»

ወደ ቡድኑ አለቃ ሄደ። አለቃው እያሸነፈ ያለ ሰው ታሟል ሲባል ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረው፤ ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ከፈራህ በግልጽ ንገረኝ፣ ሌላ ጆንያ አላጣም» አለው። የቡድኑ ሐኪምም ቢሆን ታርሞን ሲመረምር መኪናዋ በአየር ላይ ምን ያህል እንደምትሄድ ሲጠይቀው ዋለ እንጂ ዓይኑን ገልጦ አላየም። ሚስት ለጓደኛ፣ ጓደኛ ለአለቃ፣ አለቃ ለሐኪም፣ ሐኪም ለጭብጨባ አሳለፈው። ሁሉም ያውቃል ወይም ማወቅ ይችል ነበር። መንገድ ዳር ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው የሚቆሙት ብቻ ምንም አያውቁም፤ የሚሞቱት ደግሞ እነሱ ናቸው።

የሐምሌው ትልቅ ውድድር ዋዜማ ላይ ኦስሞ ቆረጠ። ሁለቱ ሳውና ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እዚያ አገር ሳውና ውስጥ ብዙ አይወራም፤ የሚወራውም በአንዲት ቃል ያልቃል። «ኖ ኒን» ይሏታል፣ የእኛዋ «እንግዲህ» ናት። በእሷ ሥራ ይጀመራል፣ በእሷ ሥራ ይቆማል፣ በእሷ የሞተ ሰው ይሸኛል። ተናጋሪው ይጥላታል፤ የፈለገውን ትርጉም ማግኘት የሰሚው ፋንታ ነው። ይህን ጨዋነት ይሉታል።

ኦስሞ ለረጅም ጊዜ ላቡን ሲጠርግ ቆየና «እንግዲህ፣ ታርሞ» አለ። በቃህ፣ ውድድሩ ይቅር ማለቱ ነው።

ታርሞ በረጅሙ ተነፈሰና «እንግዲህ» አለ። የኦስሞን ጉልበት ቸብ አድርጎ ወጣና ሐይቁ ውስጥ ዘለለ። ኦስሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ተነጋገርን፣ ተግባባን፣ አለቀ ብሎ ነው።

ጠዋት የመኪና ጡሩምባ ቀሰቀሰው። ታርሞ የውድድር ልብሱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«ምን ትተኛለህ?» አለ። «እንግዲህ ተባብለን የለም እንዴ? ተነስ!»

ያን ጊዜ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ኦስሞ አልወጣውም። ጫማውን እያሰረ ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ያ ሰው ደግሞ ግራው ጨለማ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ሄደ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ በቀረችው መሣሪያ ማለትም በአፉ ሊከላከል ጀመረ። የግራውን ክፍት ኩርባ ሁሉ «ጠባብ» እያለ አነበበ። ሕዝብ በግራ በተኮለኮለበት ሁሉ «ቀኝ ያዝ» አለ። ሙሉ የሚባልበት ጉብታ ላይ «ፍሬን» አለ። በሕይወቱ ታርሞን ዋሽቶት አያውቅም ነበር፤ በዚያ ቀን ከእውነቱ ውሸቱ በለጠ። ታርሞ አንዴ እንኳ አልተከራከረም።

እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ወረደ። ጠጠሩ ጭቃ ሆነ። ሙሉ የረገጡት ሁሉ ከቀትር በኋላ ቦይ ውስጥ ተገኙ፤ በኦስሞ ውሸት የተያዘችው መኪና ግን ከመንገዱ አልወጣችም። ታርሞ አሸነፈ፤ አራተኛ ሻምፒዮንነቱም በዚያው ተረጋገጠ። ጋዜጠኞቹ አሁን ገና በሰለ፣ መታገሥን ተማረ አሉ። ጭብጨባው ያደነቁራል። ኦስሞ ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ሲከት ማንም አላየውም።

ሰዉ ወደ ቋሊማው ሲበተን ኦስሞ ተናገረ።

«ታርሞ፣ ግራ ዓይንህ አያይም።»

«ከተገለበጥን ወዲህ» አለ ታርሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ዛሬ ዋሸሁህ። ክፍቱን ጠባብ ነው አልኩህ።»

«አውቃለሁ። ይህን መንገድ እኮ ጨፍኜም አውቀዋለሁ።»

«ካወቅህ ለምን ትታዘዘኛለህ?»

«አንተ ታያለህ እኔ አላይም። ሌላ ምን አለው?»

«ሰው ትገድላለህ ነው የምልህ! በቃ፣ ተው!»

«አንተ እያለህ?» ታርሞ ከልቡ ሳቀ። ማመስገኑ ነበር። «ጠዋት ከአለቃው ጋር ጨርሻለሁ። ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ፣ ለሁለታችንም።»

«እኔ አልቀመጥም።»

ታርሞ ሳቁን ተወ። ማስፈራራት አልነበረም፤ የጨነቀው ሰው ጥያቄ ነበር፦ «እሺ፤ ታዲያ ማንን ላስቀምጥ?»

ኦስሞ የሚያውቃቸውን መንገድ አንባቢዎች አንድ በአንድ አሰበ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፤ ክፍቱን ክፍት፣ ሙሉውን ሙሉ ብለው ያነባሉ። የአንዳቸውም ስም ከአፉ አልወጣም። ከመካኒኮቹ አንዱ ከወዲያ ሆኖ «ጆንያው፣ ና ብላ እንጂ!» ብሎ ተጣራ።

በረዶው ሲወርድ ለሚቀጥለው ውድድር የሰሜኑን መንገድ ለማየት በጠዋት ተነሱ። ኦስሞ ቀድሞ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ታርሞ በግራ በኩል የበሩን እጀታ ሲዳብስ ድምፁ ይሰማዋል። እስኪያገኘው ጠበቀ።