ለልስን ሥራ የገዛኋት ሰዓት

ልስን የሚለስን ሰው ሰዓት ለማየት ስልኩን ከኪሱ ባወጣ ቁጥር ስልኩ ሲሚንቶ ይልሳል። እኔም በዚህ ምክንያት ሁለት ስልክ ከቀበርኩ በኋላ የእጅ ሰዓት ልገዛ አሶሳ ገበያ ወጣሁ።

ነጋዴው መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ፣ የብረት ማሰሪያ ያለው አቀረበልኝ። እሱ ለሠርግ ነው፤ በማሰሪያው መሃል አሸዋ ሲገባ እጅ ይልጣል። የቆዳ ማሰሪያም አንድ ክረምት ሳይሞላው ይገማል። ዓይኔ ያረፈው ጥቁር የጎማ ማሰሪያ ባላት፣ ቁጥሯ ጎላ ጎላ ባለ ርካሽ ሰዓት ላይ ነበር። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል፤ እሷ ግን ስምም አልነበራትም። ውሃ ውስጥ ሳልነክራት አልገዛም አልኩ። ነጋዴው "ሰዓት ነው የምትገዛው ወይስ ዓሣ?" እያለ በጆግ ውሃ አመጣልኝ። ነከርኳት፤ መቁጠሯን አላቆመችም። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ቤት እንደገባሁ አሥር ደቂቃ አስቀደምኳት። ሥራ ላለማርፈድ የኖረ ልማዴ ነው።

አብሮኝ የሚለስነው ሰው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ረመዳን ስለነበር ይጾማል። አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ስንለስን የተቦካው ሲሚንቶ ሳያልቅ ሊመሽብን ደረሰ። እዚያ አዛን አይሰማም፤ መስኮቱንም የማንጎ ዛፍ ከልሎታል። ጾም የሚፈታበት መግሪብ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠዋት ነግሮኝ ነበርና፣ "ወንድሜ፣ ሰዓቱ ደረሰ?" ሲለኝ አየሁና "ደርሷል" አልኩት። ታጠበ፣ ቢስሚላህ ብሎ ቴምር ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ። ወደ ደጅ ስንወጣ ፀሐይ ገና አልገባችም።

አሥሩ ደቂቃ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ኩም አልኩ። በዚያ ሙቀት ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለውን ሰው ደቂቃዎች ሲቀሩት ጾሙን አስፈታሁት። ነገሩን ስነግረው የያዘውን ውሃ አስቀመጠ።

"አንተ አልዋሸህም፤ ሰዓቷ ናት የዋሸችው" አለኝ። "ከኢድ በኋላ አንድ ቀን ጾሜ ቀዷ አወጣለሁ፤ የጎደለውን እተካለሁ።" ከዚያም ሳቀ። "አንተ ግን ወዴት ነው የምትቸኩለው?"

እዚያው ሰዓቷን አስተካከልኳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን አርፍጃለሁ።

ከኢድ በኋላ ያቺን ቀን ሲጾም እኔ ጴንጤው አብሬው ጾምኩ። ማንም አልለመነኝም፤ ካልጾምኩ የሚቀለኝ አልመሰለኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ፤ እሱ እያየኝ ይስቃል። የዚያን ቀን ሥራችን ከተማ ውስጥ ነበርና፣ ሲመሽ አዛኑ ከመስጊዱ ጥርት ብሎ ተሰማ። እሱ ግን ቴምሩን በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰዓትህ ምን ይላል?"

አየሁ። "ደርሷል" አልኩት።

ያኔ ጎረሰ።