የባለጃኬቱ ዲፈረንሻል

መካኒኩ ያቺ ሴት ጋራዡ እስክትመጣ ድረስ በሰው የሚቀና አልነበረም። እጅጌው ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ የወንድ ጃኬት ለብሳ፣ ከተጋጨ ጂፕ የተፈታ ዲፈረንሻል በአንሶላ ጠቅልላ አመጣች። ጭቃ ሲይዝ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል የሚያሽከረክር፣ ሎክ ያለው ነው። በራሷ ጂፕ ላይ እንዲገጥምላት ፈለገች።

«ከዚህ የተሻለ አገኝልሻለሁ» አላት።

«የተሻለማ የለም።»

«የማን ነበር?» ሲላት ጃኬቱን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ዓይኗ ከእጁ አልተነቀለም። ደስ አለው። መዶሻ ሲያነሳ ግን «ቀስ በል እንጂ!» ብላ ብድግ አለች። ለካ የምታየው እሱን አይደለም። ከፍቶ ውስጡን ሲያይ ቅናቱ ባሰ፤ ባለጃኬቱ ሰውዬ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዘው። እንከን ቢፈልግ አጣ።

ገጥሞ ሲጨርስ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ማጥ ውስጥ ነድታ ገባች። ጂፑ ሰመጠ፤ ሎኩን ስታስገባ እያጓራ ወጣ። ወርዳ ከኋላ ጎማዎቹ መሀል ተንበረከከች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ጎበዝ! ዛሬም አላሳፈርከኝም» አለች።

መካኒኩ «ኧረ ምን አደረግሁ» ሊል ጠጋ አለ፤ እሷ ግን ጭቃ የለበሰውን ዲፈረንሻል እየዳበሰች ነበር።