በውዘህ አስቆርጥ

ያ ኮረብታ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ ነበረው። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ «ያዙት» ተባልን፤ ረፋዱ ላይ ያዝነው። አንድ ጓድ ነበርን፣ ዘጠኝ ሰው። ኮረብታው ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን አቀበት ይመስላል፤ ባሕር ዛፍ ብቻ የለውም። ለዚህ ነው ዛሬም በዚያ አቀበት ረጋ ብዬ መራመድ የማልችለው። ዓይኔ መትረየስ የሚጠመድበትን ቦታ ይፈልጋል፣ እግሬ ይፈጥናል። የሰፈር ልጆች «ምን አስቸኮለህ?» ይሉኛል። ግንባሩ ምን ይመስል እንደነበርም ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ስለ አንድ ቃል ነው፤ በውዝ።

ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ካርታ የሚጫወት ሰው ካርታውን ይበውዛል። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ብወዛ ሊመጣ ነው» ሲባል እራት አይበላም ነበር፤ ማን ከየትኛው ወንበር እንደሚነሳ አይታወቅማ። እኛም ምሽግ ውስጥ በዚሁ ቃል ተከራክረናል። ከመካከላችን ዘይኑ ከመገናኛ መሪ ሰፈር ሚኒባስ ይነዳ ስለነበር «ቃሉ የሾፌር ነው» ይላል። «ስምሪት ሲቀያየርብን ተበወዝን አይደል የምንለው?»

መስፍን ሲግናል አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረው። «የቢሮ ነው እንጂ! የስንቱን የዝውውር ደብዳቤ አባዝቻለሁ መሰለህ።»

አስር አለቃችን ሁለቱንም ሰምቶ «ቢሮውም ሚኒባሱም ከካርታ ነው የወሰዱት። ይልቅ በውዙ» ይለናል።

የምንበውዘው ለጨዋታ አልነበረም። ውሃ ያለው ከቁልቁለቱ ሥር ነው። ሌሊት የጠላት ቃኚ ምንጩ ላይ ያደባል፤ ቀን ደግሞ ቁልቁለቱ ከማዶ ይታያል። ቀኑን መረጥን። በየቀኑ አንድ ሰው አንድ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፤ ማን እንደሚወርድ ካርታ ይወስናል። ለዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ካርታ፣ ከሁለት እስከ አስር። ሁለት የደረሰው ይወርዳል። በዋዡ ከቀኙ ጀምሮ ያድላል፣ የመጨረሻዋን ራሱ ይወስዳል። ከመታደሉ በፊት ግን ካርታው መቆረጥ አለበት። የሚቆርጠው ትናንት የወረደው ሰው ነው፤ የፈለገውን ያህል ከላይ አንስቶ ከሥር ያደርጋል። ከዚያ ቁልቁለት ደህና የተመለሰ እጅ አያዳላም ብለን ነበር።

በሰባተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የመበወዝ ተራው የእኔ ሆነ። ቆራጩ ዘይኑ ነበር። እሱ ግን በጣሳ ሻይ ጥዷል።

«ና ቁረጥ» አልኩት።

«ሊገነፍልብኝ ነው። አንተው ቁረጥልኝ፣ ምን አለበት!»

ስበውዝ ከሥር ያለችውን አይቻታለሁ። ሁለት ናት። ካልተነካች የእኔ ናት። ከላይ አራት ካርታ አንስቼ ከሥር አደረግሁ። አሁን ሁለቷ አምስተኛው ሰው ላይ ትወድቃለች። አምስተኛው ማን እንደሆነ አልቆጠርኩም። ወይም ቆጥሬያለሁ። ለራሴ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ስነግር ቆይቻለሁ።

መስፍን ካርታውን ገልጦ ሳቀ። «እጅህን ይስበረው፣ አንተ ደግሞ!» አለኝ። ጀሪካኑን አነሳ። «ነገ ቆራጩ እኔ ነኝ። እንዳትነኩብኝ።»

አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሞርታር ወደቀ። ሁለተኛው ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ጠራነው። አልመለሰም። አመሻሽ ላይ እኔና ዘይኑ አመጣነው። ጀሪካኑ አልተነካም፣ ሙሉ ነበር። አልጠጣነውም ብል ደስ ባለኝ። ጠጥተነዋል።

በማግስቱ ቆራጭ አልነበረም። አስር አለቃው ካርታዎቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተና ከዚያ ወዲያ የሚወርደውን በስም ይጠራ ጀመር። መጀመሪያ የጠራው የራሱን ስም ነው። በአስራ አንደኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ መጡብን። እስከ ሦስት ሰዓት ተታኮስን። ኮረብታው በእጃችን ቀረ፤ አስር አለቃውን ጨምሮ ሦስት ሰው አጣን። የተረፍነውን አምስት ሰዎች ከሌላ ጓድ ትራፊ ጋር ቀላቀሉን።

«ተበወዝን» አለ ዘይኑ። ማንም አልሳቀም።

አሁን ዘይኑ ወደ ሚኒባሱ ተመልሷል። ምሳ ሰዓት ላይ ሾፌሮቹ ሲግናል አካባቢ ካርታ ይጫወታሉ፤ «በውዝ!» ሲሉ ድምፃቸው መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እኔ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አልዞርኩም። መኪናው ውስጥ ብቻውን አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ሁለቷን ማየቴን። አራት ማንሳቴን።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

የመኪናውን በር ዘጋው። «የመቁረጥ ተራው የማን ነበር?»

«ያንተ።»

«እኔ እኮ በየቀኑ መሪ እመላለሳለሁ። የመስፍን እናት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ተሳፋሪ አራግፌ እዞራለሁ። ገብቼ ምን ልበላቸው? ሻይ አማረኝ?»

«አብረን እንሂድ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

በዚያ ቀን ከሲግናል እስከ መሪ ተሳፋሪ አልጫነም። እናትየው አስቀመጡን። እኔ ስለ ካርታው ተናገርኩ፣ ዘይኑ ስለ ሻዩ። እስክንጨርስ አላቋረጡንም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ውሃው ደረሳችሁ?»

«ደረሰን፣ እማማ። ጠጣነው።»

«እሱስ ደግ አደረጋችሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅንም።

ዘጠኝ ሆነን ወጣን፤ አምስት ሆነን ወረድን። ሦስቱ በጥይት ሞቱ፤ ሁላችንም አይተናል። መስፍንን ሞርታር ገደለው፤ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። ስጽፈው ግን እጄ አራት ካርታ ያነሳል።