የእንቁራሪቷ ሙቀት

ጋራዥ የገባሁ ቀን አለቃዬ ጋሽ ላምቤቦ መፍቻ አላስነኩኝም። ያስያዙኝ አንድ ቁራጭ ሽቦና ፒንሳ ነው። የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ አሳዩኝና «እሰር» አሉኝ። ጠምዝዤ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፤ ኮራሁም። እሳቸው አውራ ጣታቸውን በሽቦው ጫፍ ላይ ጫን አድርገው ደሙን አሳዩኝ።

«አየህ? ነገ እዚህ እጁን የሚከት ሰው አለ። ጫፉን ሁለቴ እጠፍና ወደ ውስጥ ቅበረው» አሉኝ።

በሆዴ «ምን ዓይነት ነዝናዛ ሰውዬ ነው!» አልኩ። ሽቦ እስኪሰለቸኝ ድረስ ሳስርና ስፈታ ዋልኩ። ቤቴ ስገባ ጣቶቼ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ከረዳትነት መካኒክ ሆንኩ፤ ከዚያ ካቦ ሆንኩ፤ ጋሽ ላምቤቦ ጡረታ ወጥተው ቦኖሻ ሲገቡ ደግሞ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ማቴዎስ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አያውቀኝም። ማቴዎስ ራዲያተር በሉ፤ ባለባጃጁ በሬ ላይ ያደርሳችኋል። የሚፈላ ሞተር ከዱራሜም ከሺንሺቾም ተጎትቶ እኔ ጋ ይመጣል። ስለ ሙቀት የማላውቀው ነገር የለም እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ኖሬያለሁ። ጉራ ብቻም አልነበረም፤ አውቃለሁ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ሐጂ ሱሩር እንቁራሪቷን ይዘው መጡ። እንቁራሪቷ ማለት ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ሸራ የሆነች ቀይ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ሐጂ በወጣትነታቸው፣ የእህል ንግዱ ሲቀናቸው፣ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዟት። መሬት ለመሬት ዝቅ ብላ ሁለት ክብ ዓይኗን ስታፈጥ ስሙ ወጣላት።

«ማቴ፣ ይቺ ልጅ እግሬን ጠበሰችው» አሉኝ ሲወርዱ። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል።

ልጃቸው ሙና ከኋላ በባጃጅ ተከትላቸው ነበር። «ጋሽ ማቴዎስ፣ አባ ባለፈው ከዳምቦያ ሲመለስ አዙሮት ቦይ ሊገባ ነበር። ድሮ ጣራውን ከፍቶ ነበር የሚነዳው፤ አሁን አርጅቶ ንፋስ ስለማይችል ይዘጋዋል፤ ውስጧ ምድጃ ነው። ወንድሞቼም ትሸጥ ብለዋል። ቅዳሜ ገዢ ከአዲስ አበባ ይመጣል» አለችኝ።

«እኔንም ምራቂ አድርጋችሁ ስጡት!» አሉ ሐጂ። የቀልድ ድምፅ አልነበረም። ሚስታቸው እትዬ ዘይነብ ካረፉ ወዲህ ሰውየው ከቤት የሚወጡት በዚህች መኪና ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። «ሐጂ፣ እስከ ዓርብ ካላቀዘቀዝኳት ማቴዎስ ራዲያተር ብለው አይጥሩኝ!» አልኩ። ሠራተኞቼም ጎረቤት ጎሚስታውም ሰሙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ምንጣፉን ገልጬ ያየሁትን አላመንኩም። ከእንሰት የወጣ ንጹሕ ነጭ ቃጫ ፍራሽ መስሎ ተነጥፏል። ከሥሩ የጭስ ማውጫው ቱቦ ያልፋል። የቃጫው ጠርዝ መጥቆር ጀምሯል።

«ሐጂ! ይኼ ማገዶ ነው እንጂ መከላከያ ነው እንዴ? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ» አሉ ረጋ ብለው። «ሺንሺቾ ገበያ መርጬ ነው የገዛሁት።»

ቃጫውን አወጣሁ። ከወለሉ በታች፣ ከቱቦው በላይ ላሜራ መታሁ፤ በመሃል አየር እንዲያልፍ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውኩ። ሽቦና ፔዳል የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች በጎማ ደፈንኩ። የማርሹን ሥር በቆዳ አለበስኩ። ራዲያተሩንም አውርጄ አጠብኩ። ሐሙስ ጠዋት ጣራዋን ዘግቼ ከተማውን አዞርኳት። ወለሉ ቀዝቅዟል፤ እኔ ግን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ተመለስኩ።

ሙና ላቤን አየችና «አይጨነቁ ጋሽ ማቴዎስ፤ የሚችሉትን ሞክረዋል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሠራተኞቼን ምሳ ሂዱ ብዬ ብቻዬን መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ሞተሩን አስነሳሁ፤ እጄን ወለሉ ላይ፣ ቀጥሎ ከመሪው ፊት ክሩስኮቱ ሥር አደረግኩ። የጋለ ላሜራ የሚሰጠው ሙቀት ሌላ ነው፤ የሚነፍስ ሙቀት ሌላ ነው። ይኼኛው ይነፍሳል።

ሒተር! ሐጂ ገና ሰኞ «ሒተሩማ ድሮ ሞቷል፤ እጀታውን ብገፋው ብስበው ምንም የለም» ብለውኝ ነበር። እኔም አመንኩ። እኛ አገር የአሮጌ መኪና ሒተር ሲያፈስ ጎማውን አጥፈን እንደፍነውና እንረሳዋለን። የዚህችም ተደፍኗል ብዬ ሳላይ አለፍኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ጎማዎች ነካሁ። ሁለቱም ይፋጃሉ። የፈላ ውሃ ክሩስኮቱ ሥር ገብቶ ይወጣል ማለት ነው።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ እጄን ከሞተሩ ጀርባ፣ ዓይን ወደማይደርስበት ሰደድኩ። የሒተሩን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ አገኘሁት። ኬብሉ ተነቅሏል፤ ቫልቩ ወለል ብሎ ተከፍቶ በሽቦ ታስሯል። ጣቴን በሽቦው ዙሪያ አስኬድኩ። አልወጋኝም። ጫፉ ሁለቴ ታጥፎ ወደ ውስጥ ተቀብሯል።

ወዲያው ቦኖሻ ለጋሽ ላምቤቦ ደወልኩ።

«ማነው?»

«ማቴዎስ ነኝ ጋሼ።»

«የቱ ማቴዎስ?»

«ራዲያተር።»

«አሃ፣ ነዝናዛው!»

«ጋሼ፣ የሐጂ ሱሩርን ሒተር ከፍተው ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

ሳቃቸው መጣ። «ተገኘ? ዘይነብ ናት ያሠራችኝ። ሱሩር አዲስ ሙሽራ ይዞ በክረምት ጣራ ከፍቶ ያዞራታል። ‹ዝጋው ብለው ቅር ይለዋል፤ ሰው ሲያየን ደስ ይለዋል። እግሬን ብቻ የሚያሞቅልኝ ነገር ያብጁልኝ፤ እንዳይነግሩት› አለችኝ። እንዳይዘጋው ኬብሉን ነቀልኩ። አደራ፣ አንተም እንዳትነግረው።»

«ጋሼ፣ እትዬ ዘይነብ እኮ አርፈዋል።»

«አውቃለሁ፣ ለቅሶ ደርሻለሁ» አሉ። «እንግዲያው ንገረው።»

ከሰዓት ሐጂ ሙናን አስከትለው ሲመጡ እንደሰማሁት ነገርኳቸው። ሐጂ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጡ።

«ዘይነብ? አንድ ቀን በረደኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም እኮ። ይቺ ሴት ብርድ አይነካትም እያልኩ ለሰው ሳወራ ነው የኖርኩት።» ከዚያ አለቀሱ፤ ፊታቸውንም አልሸፈኑም። ሙና ትከሻቸውን ያዘች። እኔም ዓይኔን በክንዴ ጠረግኩ፤ እጄ ግራሶ ነበር።

«ሽቦውን ልቁረጠው ሐጂ?»

«ቁረጠው። ግን ሒተሩን እንዳትደፍነው። መክፈቻውን ሥራልኝ።»

ፋብሪካው ያወጣው ኬብል ከየት ይመጣል? የሞተር ሳይክል ፍሬን ኬብል ለክቼ ቆርጬ ከእጀታው እስከ ቫልቩ ዘረጋሁ። ሲገፋ ይዘጋል፤ ሲሳብ ይከፍታል። ጫፉን ያሰርኩበትን ሽቦ ሁለቴ አጥፌ ቀበርኩት።

ዓርብ ሐጂን ይዤ ጣራችንን ዘግተን ዳምቦያ ደርሰን ተመለስን። ሐጂ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ አንዲት ጠብታ ላብ አልወጣቸውም። ጋራዡ በር ላይ ሙና ጎንበስ ብላ ወለሉን በእጇ ዳሰሰች፤ ቀጥሎ የክሩስኮቱን ሥር። ቀና አለችና ስልኳን አውጥታ ለገዢው ደወለች። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ ነገ አይምጡ። አትሸጥም» አለችው። ጎሚስታው አጨበጨበ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት መሬት አልረገጥኩም!

ሐጂ ግን አልጨረሱም። ሰማዩ ደምኗል፤ ንፋስ አለ። «ጣራውን ክፈትልኝ» አሉኝ። ከፈትኩ። ልጃቸውን እናቷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጡ፤ ሞተሩንም አስነሱ።

«አባ፣ በረደኝ» አለች ሙና ሻሿን እየሰበሰበች።

ሐጂ እጃቸው መሪው ላይ ቀረ። ከዚያ የሒተሩን እጀታ ሳቡት።

እናንተ በሙያው ያላችሁ፣ ሽቦ ስታስሩ ጫፉን ሁለቴ አጥፋችሁ ወደ ውስጥ ቅበሩት። ነገ እዚያ እጁን የሚከት ሰው አለ።